ባዶው ጠርሙስ፦ የለስላሳ ፋብሪካ ታሪክ ከደሴ ሲታይ

(ደሴ ላይ የከተማ ታሪክ ለሚወዱ ሰዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ፤ የአነጋገሩን ለዛ ግን አልነካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ለስላሳ ነው። ሳቃችሁን ሰምቻለሁ፤ አብሽሩ፣ አልተቀየምኩም። ስለ ደሴ ታሪክ ተናገር የተባለ ሰው ንጉሥ ሚካኤልን ያነሳል። መርሆ ግቢን፣ አይጠየፍ አዳራሽን ያነሳል። እነሱን ትቶ ፔፕሲ ይዞ መምጣት ድፍረት ይመስላል። ግን ስለ ቤተ መንግሥቱ ብዙ ተጽፏል። ፋብሪካውን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ከእኛ አብዛኞቻችን ደግሞ አይጠየፍ ገብተን ግብር አልበላንም። ሚሪንዳ ግን ሁላችንም ጠጥተናል።

ደሴ የፔፕሲ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ስለለመድነው አይገርመንም። እኔን ግን ይገርመኛል። ቦታውን አስቡት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነን። በአንድ በኩል ጦሳ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ያውም ጣርማ በርን ተሻግሮ። ስኳሩ ከሩቅ ይመጣል። ቅመሙ ከባሕር ማዶ ይመጣል። ጠርሙስና ቆርኪ የሚሠሩትም አዲስ አበባ ነው። ሁሉም ነገር ከሌላ ቦታ የሚመጣ ከሆነ፣ እዚያው አዲስ አበባ ሞልተውና አሽገው ለምን አይልኩልንም ነበር? እዚህ ተራራ ላይ ፋብሪካ መትከል ምን አመጣው?

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ባዶው ጠርሙስ ነው። አሁን ወደዚያ የሚያደርሰንን መንገድ እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ1767 እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ በምትባል ከተማ፣ ጆሴፍ ፕሪስትሊ የሚባል ሰባኪ ይኖር ነበር። ሳይንስም ይወዳል። ቤቱ ከአንድ ቢራ ጠማቂ ጎን ነበር። ጠላ የጠመቀች እናት የምታውቀውን ነገር እሱም አየ። የሚፈላ ነገር አየር ያወጣል። ያ አየር ከጋኑ አፍ ላይ ይተኛል፣ ሻማ ብታስጠጉበት ያጠፋዋል። ፕሪስትሊ ውሃ በዕቃ አድርጎ ከበርሜሉ በላይ ሰቀለ። ውሃው አየሩን ጠጣው። ሲቀምሰው ምላስ የሚቆነጥጥ፣ ጎምዘዝ ያለ ነገር ሆኖ አገኘው። ዛሬ ጋዝ የምንለው፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ይህን ልብ በሉልኝ። ለስላሳ የተወለደው በፋብሪካ ሠፈር፣ ከቢራ ጎረቤት ነው። የቢራ ፋብሪካ ያላችሁ የኮምቦልቻ ሰዎች ይህ ወሬ ደስ ሊላችሁ ይገባል።

ፕሪስትሊ ነገሩን ወደ ገበያ አልወሰደውም። የወሰደው ያኮብ ሽዌፕ የሚባል ሰዓት ሠሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1783 ጄኔቭ ላይ ጋዝ ያለው ውሃ መሸጥ ጀመረ። በ1792 ወደ ለንደን ተሻገረ። ስሙ እስከ ዛሬ በጠርሙስ ላይ አለ። ያኔ እንዲህ ያለው ውሃ እንደ መድኃኒት ነበር የሚታየው። እኛስ ሆዳችን ሲነፋ አምቦ ውሃ አይደል የምንለው?

ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ሰዎች የተቸገሩበት ነገር ጣዕሙ አልነበረም። ክዳኑ ነበር። ጋዝ ያለው መጠጥ ክዳን ይገፋል። ቡሽ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ጋዙም አብሮ ይሄዳል። አንዳንዶች ቂጡ እንደ እንቁላል የሾለ ጠርሙስ ሠሩ። ለምን መሰላችሁ? እንዳይቆም። ተኝቶ ይቀመጥ፣ ቡሹ እርጥብ ሆኖ ይቆይ ብለው ነው። ሌላው ደግሞ አንገቱ ውስጥ ብይ ያለው ጠርሙስ አመጣ። ጋዙ ራሱ ብይዋን ወደ ላይ ገፍቶ አፉን ይዘጋል። የተዋጣ ዘዴ ነው፣ ግን ብዙ ልጅ ብይዋን ፈልጎ ጠርሙሱን ሰብሯል።

ነገሩን የጨረሰው ዊሊያም ፔይንተር ነው። አሜሪካ፣ ባልቲሞር፣ እ.ኤ.አ. በ1892። ቆርኪ የእሱ ሥራ ነው። መጀመሪያ 24 ጥርስ ነበረው፣ ዛሬ 21 ነው። እቤት ስትገቡ ቁጠሩት። ቆርኪ ጠፍጥፈን ስንት ጨዋታ የተጫወትን ሰዎች ጥርሱን ቆጥረን አለማወቃችን ይገርማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ኮካ ኮላን ጆን ፔምበርተን አትላንታ ላይ የቀመመው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ፔፕሲን ካሌብ ብራድሃም የሚባል ፋርማሲስት በ1893 አካባቢ ጀመረው፣ ስሙን በ1898 ፔፕሲ ኮላ አለው። ሁለቱም በፋርማሲ ባንኮኒ ላይ በብርጭቆ የሚሸጡ ነበሩ። ጠርሙስ የለም። በ1899 ሁለት ጠበቆች የኮካ ኮላን ባለቤት አሳ ካንድለርን ሄደው አነጋገሩት። በጠርሙስ እየሞላን እንሽጠው፣ ፈቃድ ስጠን አሉት። ካንድለር በጠርሙስ የሚሸጥ ነገር ብዙ አልመሰለውም። የአሜሪካን አብዛኛውን ክፍል የመሙላት መብት በ1 ዶላር ሰጣቸው። ዶላሯንም አልተቀበላቸውም ይባላል።

ይህ ሰው ዓለምን እየቀየረ መሆኑን አላወቀም። ከዚያ ቀን በኋላ ለስላሳ ሁለት ሥራ ሆነ። አንዱ ቅመሙን መሥራት ነው፤ ይህ አንድ ቦታ፣ በምስጢር ይሠራል። ሌላው መሙላት ነው፤ ይህ በየከተማው፣ በየአገሬው ሰው ይሠራል። ቅመሙ ቀላል ነው፣ በርሜል ውስጥ ገብቶ ውቅያኖስ ይሻገራል። ውሃው ግን ከባድ ነው። ውሃ ጭኖ ውቅያኖስ መሻገር ሞኝነት ነው። ውሃማ በየአገሩ አለ።

ከውሃው የባሰ ደግሞ ጠርሙሱ ከባድ ነው። የድሮው 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ብርጭቆው ብቻ ውስጡ ካለው መጠጥ የበለጠ ሊመዝን ይችላል። አንድ ሳጥን 24 ጠርሙስ ይይዛል። ስለዚህ ለስላሳ የጫነ መኪና ግማሹ ጭነቱ ብርጭቆ ነው። ይባስ ብሎ ያ ብርጭቆ መመለስ አለበት። መኪናው ሞልቶ ይሄዳል፣ ባዶ ጠርሙስ ጭኖ ይመለሳል። ጠርሙሱ በደንብ ከተያዘ 20 ጊዜና ከዚያም በላይ ተሞልቶ ይሸጣል። ፋብሪካውን የሚያዋጣው ይህ ምልልስ ነው።

እንግዲህ ስሌቱን ሥሩት። አዲስ አበባ ላይ የሞላችሁትን ጠርሙስ ወልድያ ብትልኩት፣ ባዶው ተመልሶ ጣርማ በርን መውጣት አለበት። ነዳጁ ከመጠጡ ይበልጣል። መንገድ ላይ የሚሰበረው ሌላ ጉድ ነው። ስለዚህ የአንድ ፋብሪካ ግዛት የሚያበቃው መኪና ባዶ ጠርሙስ ይዞ በትርፍ ሊመለስ የሚችልበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ፋብሪካ መተከል አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገውም ይኸው ነው። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ላይ መሞላት ጀመረ፣ በ1965 ደግሞ ድሬዳዋ። ፔፕሲ አዲስ አበባ ላይ ንፋስ ስልክና ተክለሃይማኖት ነበረው፣ ወደ ሰሜን ጎንደርና ደሴ። ካርታውን ዘርግታችሁ እዩት። ደሴ ላይ ስትቆሙ ወደ ሰሜን ወልድያና ቆቦ አለ። ወደ ምሥራቅ ባቲና ሚሌ። ወደ ደቡብ ከሚሴ። ወደ ምዕራብ የወሎ ደጋ። ለባዶ ጠርሙስ መመለሻ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

ታዲያ ደሴ ምን አዋጣች? ብዙ ሰው ምንም አላዋጣችም ይላል። አልስማማም። ውሃውን አዋጣች። መጠጡን ስትቀምሱት ከስድስት እጅ አምስቱ ገደማ ውሃ ነው፤ ሌላው እጅ ሽሮፕ ነው። በዚያ ላይ የጠርሙስ እጥበት አለ። በሚመለስ ጠርሙስ የሚሠራ ፋብሪካ አንድ ሊትር ለመሸጥ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሊትር ውሃ ያወጣል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የደሴ ሰው ጀሪካን ደርድሮ ሲጠብቅ ምን እንደሚያስብ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

ውስጡን እንግባ። የተመለሰው ጠርሙስ መጀመሪያ ወደ ማጠቢያው ይገባል። ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ትኩስ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ጠርሙስ ምን ይዞ እንደሚመለስ ብትሰሙ ትገረማላችሁ፤ ኬሮሲን የተያዘበት አለ፣ ሲጋራ የተተረኮሰበት አለ፣ ዘይት የተቀዳበት አለ። ከታጠበ በኋላ በመብራት ፊት ያልፋል። በዚያ በኩል ሰው ተቀምጦ አንድ በአንድ ያየዋል። በድሮ ፋብሪካ ትልቁ የዓይን ሥራ ይህ ነው። ሰዓት እየተቆጠረ ሰው ይቀያየራል፣ ምክንያቱም ዓይን ይደክማል፣ ሁሉም ጠርሙስ አንድ ይመስላል።

በሌላ ክፍል ስኳር ይሟሟል፣ ይጣራል፣ ቅመሙ ይጨመርበታል። ስኳሩን አታቃልሉት። ኮላ ውስጥ በ100 ሚሊ ሊትር ከ10 ግራም በላይ ስኳር አለ፤ አንድ ጠርሙስ 30 ግራም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1954 ወንጂ ስኳር ማምረት ባይጀምር ኖሮ የአገር ውስጥ ለስላሳ ምን ይሆን እንደነበር አስቡት። ስኳር ሲጠፋ ለስላሳ ይጠፋል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ፔፕሲ ራሱ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የስኳር ዋጋ ወጥቶ ሲወድቅ ተንኮታኩቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ከስሯል።

ከዚያ ውሃው ይቀዘቅዛል። ለምን? ቀዝቃዛ ውሃ ጋዝ ይይዛል፣ ሙቅ ውሃ ይለቃል። እዚህ ላይ የደሴ ብርድ ጥቅም አላት። ከጦሳ ሥር የመጣ ውሃ ገና ማቀዝቀዣ ሳይገባ ግማሹን መንገድ ሄዷል። የሚገርመው ደግሞ ከወጣ በኋላ ነው። ከፍታችን ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ጠርሙስ ሲከፈት ጋዙ የሚቃወመው ስለሚያንስ በኃይል ይወጣል። ያው ጠርሙስ ሐረጎን ወርዶ፣ ባቲን አልፎ ሚሌ ሲደርስ ደግሞ ሙቀቱ ውስጡን ግፊት ይጨምርበታል። ሚሌ ላይ ፀሐይ የመታውን ፔፕሲ ወደ ፊታችሁ አዙራችሁ አትክፈቱ።

አሁን ትንሽ ስለ ጠጪው።

ወሎ ውስጥ ለስላሳ ከሌላው አገር የተለየ ቦታ አለው ብዬ አምናለሁ። ከፋብሪካው በፊት እኛ ያለ ለስላሳ አልነበርንም። ብርዝ ነበረን። ቀሪቦ ነበረን፤ ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ ተጣርቶ፣ ስኳርና እርሾ ገብቶበት የሚያድር። ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ሠርግ ላይ በሚቀመጡበት አገር፣ ሁሉም የሚጠጣው ነገር ማዘጋጀት የባለ ሠርጉ ጭንቀት ነው። ሥጋው ለብቻ ይታረዳል፣ ድስቱ ለብቻ ይጣዳል። መጠጡስ? ጠላው ለአንዱ፣ ብርዙ ለሌላው። ለስላሳ ሲመጣ ይህ ክፍፍል ቀለለ። ለኢፍጣር ይሆናል። ለሠርግ ይሆናል። ዓርብና ረቡዕም ቢሆን የጾም ነው። በአንድ ሳጥን ሁለቱም ወገን ይስተናገዳል። ማስታወቂያ ያመጣው ነገር አይመስለኝም፤ አገሩ ራሱ የሚፈልገው ነገር ነበር።

የባለቤትነቱን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው፣ የምታውቁት ነውና። በጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ 72 ኩባንያዎችን ወረሰ፤ ለስላሳ መጠጥም በመንግሥት እጅ ገባ። የዚያን ዘመን ሰዎች ሲያወሩ፣ ለሠርግ ለስላሳና ቢራ ለማግኘት የቀበሌ ደብዳቤ ይያዝ ነበር ይላሉ። ሙሽራ ከማግኘት ሳጥን ማግኘት ይከብድ ነበር የሚሉም አሉ፤ ወሎዬ ሲያወራ ትንሽ ማጋነን አይቀርም። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ የፔፕሲ ፋብሪካዎቹ፣ ማለትም የአዲስ አበባዎቹ፣ የጎንደሩና የእኛው የደሴው፣ ለሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ተሸጡ። ሞሐ የለስላሳ መጠጦች ኢንዱስትሪም በዚያው ዓመት ተመዘገበ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር አልተቀየረም። ባለሱቅ ባዶ ካላመጣ ሙሉ አይሰጠውም። አሥር ሳጥን ባዶ ያላት ሴት ካፒታል አላት ማለት ነው። ለልጅዋ ስታወርሰው አይቻለሁ። ገንዘብ ያለው፣ ባዶ የሌለው ሰው ግን ሱቅ ሊከፍት አይችልም ነበር። ሠፈር ውስጥ ጠርሙስ የሰበረ ልጅ የሚገረፈውም ለዚህ ነው። መጠጡ ፈሰሰ ተብሎ የተገረፈ ልጅ አላውቅም።

ኮምቦልቻን ሳላነሳ ብወርድ አትለቁኝም። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ታች ናት፣ ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለች። ሜዳ አላት። የአሰብ መንገድ የሚገነጠለው እዚያ ነው፣ በባቲ በኩል። የአገሪቱ ገቢ ዕቃ በአብዛኛው በአሰብ በሚገባበት ዘመን፣ እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ስለዚህ ጨርቃ ጨርቁም፣ ቆዳውም፣ ብረታ ብረቱም፣ ቢራውም እዚያ ገባ። በ2009 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተከተለ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ደሴ ግን ፋብሪካ በመካከሏ ያላት ከተማ ናት። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ፋብሪካ በከተማ መካከል ሲሆን ጥቅሙም ጉዳቱም ከሰው ቤት ይደርሳል። ሠራተኛው ለፈረቃ በእግሩ ይገባል። የሠፈሩ ሻይ ቤት ይሸጣል። መኪናው ግን ጠባቡን መንገድ ይዘጋል፣ ማጠቢያው የሚያወጣው ውሃም መሄጃ ይፈልጋል። የደሴም የኮምቦልቻም ውሃ መጨረሻው ቦርከና ነው። ታች ያሉት ገበሬዎች በዚያ ውሃ መስኖ ያጠጣሉ። የፋብሪካ ታሪክ ሲጻፍ ይህ የሚዘለል ከሆነ ጉርሻ ሰጥቶ እጅ አለመታጠብ ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ እኛ ሲደርስ የሆነውን አልዘረዝርም። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፋብሪካዎች ቆሙ፣ ተዘረፉ። ብዙ ሰው ሥራውን አጣ።

እና ፕላስቲኩ መጣ። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ፕላስቲክ 20 እና 25 ግራም ነው የሚመዝነው። አይመለስም። ስለዚህ ቅድም የሠራነው ስሌት ሁሉ ፈረሰ። ሞልተህ 400 ኪሎ ሜትር ብትልከው መኪናህ ሌላ ጭነት ይዞ ይመለሳል። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ሰፊ ቦታ ላይ፣ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ተክሎ አገሩን ማዳረስ ይቻላል። ኮካ ኮላ ሰበታ፣ ፔፕሲ ሰሚት የሄዱት ያለ ምክንያት አይደለም። መሃል ከተማ ያለ አሮጌ ፋብሪካ አሁን መሬቱ ከማሽኑ ሊወደድ ይችላል። ለአከፋፋዩ ተመቸ። ባዶ የሌላትም ሴት ሱቅ መክፈት ቻለች፣ ይህን መካድ አይገባም። ግን ደሴ ላይ ፋብሪካ እንዲኖር ያስገደደው ምክንያት ሳሳ። ከእንግዲህ እዚህ የሚቆየው አዋጭነቱን በሌላ መንገድ ካሳየ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።

(አንድ ወጣት ተነስቶ፣ ታዲያ ወደ ጠርሙስ እንመለስ ነው የምትለው? አለኝ።)

አላልኩም። በግድ የሚመለስ ነገር የለም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ቅርብ ለሚሸጥ መጠጥ የሚመለስ ጠርሙስ አሁንም ያዋጣል። ሆቴል፣ ካፌ፣ ሠርግ ቤት፤ እነዚህ ጠርሙሱ ከግቢያቸው አይወጣም። ሩቅ ለሚሄደው ፕላስቲኩ ያሸንፋል። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፣ በብዙ አገር እንደዚያ ነው። የእኔ ጥያቄ ፕላስቲኩን ማን ይለቅመዋል የሚለው ነው። ባዶው ጠርሙስ መያዣ፣ ማለትም ሲመለስ የሚሰጥ ገንዘብ፣ ስላለው ልጅ ከቦይ ውስጥ ገብቶ ያወጣው ነበር። ፕላስቲኩም መያዣ ይኑረው፣ ያኔ ቦርከና ውስጥ አታየውም።

(አንዲት እናት ደግሞ፣ የእኛ ቀሪቦስ በጠርሙስ መግባት አይችልም ወይ? ብለው ጠየቁ። አዳራሹ አጨበጨበ።)

እትዬ፣ ይችላል። ግን እንዳለ አይሆንም። ቀሪቦ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ እርሾው ውስጡ ይሠራል። እንዳለ ቆርኪ ቢመታበት ጋዙ እየጨመረ ሄዶ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ከዚያ ሁለት ምርጫ አለዎት። አንዱ ከሞሉት በኋላ 60 ዲግሪ አካባቢ ለደቂቃዎች አሙቆ እርሾውን መግደል ነው፤ ቢራ ፋብሪካ የሚያደርገው ይህን ነው፣ ባለሙያው ኮምቦልቻ አለልዎት። ሁለተኛው እርሾ ጨርሶ ሳያስገቡ የገብሱን ውሃ ብቻ አዘጋጅቶ ጋዙን በማሽን መስጠት ነው፤ ይህ ደግሞ የለስላሳ ፋብሪካ ሥራ ነው። ጣዕሙ ትንሽ ይለያል። እኔን ቢጠይቁኝ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ቀሪቦ በቆየ ቁጥር አልኮል ይይዛልና፣ የእርስዎ ዋና ገዢ ሙስሊሙ ነው። ጠርሙሱ ላይ ስንት አልኮል እንዳለው ተለክቶ ካልተጻፈ በቀር አይነካልዎትም።